በቅሎ የማትወልደው በ63 ምክንያት ነውን? ስለ ክሮሞሶም አደራደርና ዝግመተ ለውጥ

በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ክሮሞሶም በተነሣ ቁጥር ሳይጠየቅ የማይታለፍ ጥያቄ አለ፤ በቅሎ ለምን አትወልድም? መልሱም ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ተማሪው ደግሞ በተራው መምህር ሲሆን ወደ ሌላ ተማሪ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው። በቅሎ ከእናቷ ከባዝራዋ 32፣ ከአባቷ ከአህያው 31 ስለምትወርስ 63 ይሆንባታል። 63 ጎደሎ ቁጥር ነው፤ ጎደሎ ቁጥር ለሁለት እኩል አይከፈልም፤ ስለዚህ በቅሎ መካን ናት። ተማሪው ይህን ይጽፋል፣ በፈተና ላይ ይመልሳል፣ ማርኩንም ያገኛል። እንግዲህ ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። ያልተመረመረችው «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ናት።

ዕጩ መምህራን ወደየትምህርት ቤቱ ለማስተማር ልምምድ ከመሠማራታቸው በፊት ይህችን «ስለዚህ» ብንመረምር ይጠቅማል ብለን አሰብን። ምሳሌውን ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ሰመራ የሚገባው መንገድ ለብዙዎቻችን የጅቡቲ መኪና መንገድ ብቻ ነው። ለባዮሎጂ መምህር ግን ግራና ቀኙ የተከፈተ መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርሰውና እንለፈው። በዚሁ መንገድ ላይ ከሚታዩት አጥቢ እንስሳት መካከል ግመል 74 ክሮሞሶም አላት። አህያ 62፣ ከብትና ፍየል እያንዳንዳቸው 60፣ በግ 54 አላቸው። ከአዋሽ አርባ በኋላ በሚዘረጋው በሃላይደጌ ሜዳ ላይ የሚገኘው የግሬቪ የሜዳ አህያ 46 ነው፤ ከእኛ ከሰዎች ጋር እኩል ማለት ነው። የአዋሽ ፓርክ ዝንጀሮ 42፣ ከርከሮ 34። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የዕውቀትም ሆነ የዕድገት ደረጃ የሚፈልግ ሰው ካለ ግመልን ከሰው በላይ፣ ፍየልንም ከሰው በላይ ማስቀመጥ ይኖርበታል። «ክሮሞሶም የበዛለት እንስሳ የበለጠ አድጓል» የሚለው አነጋገር በአንዳንድ የተማሪ ደብተር ላይ ዛሬም አይጠፋም። ባይጠፋም፣ የግመሏ ቁጥር ብቻውን ያፈርሰዋል።

ደግሞም ቁጥር ራሱ ለመቆጠር ጊዜ ወስዷል። ከ1923 ጀምሮ ፔይንተር የተባለው አሜሪካዊ በቆጠረው መሠረት የዓለም መማሪያ መጻሕፍት የሰው ክሮሞሶም 48 ነው እያሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምረዋል። ትዪዮና ሌቫን የተባሉት ተመራማሪዎች በስዊድን አገር በተሻለ ዘዴ ቆጥረው 46 መሆኑን ያሳተሙት በ1956 ነው። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ በአጉሊ መነጽር አይተው 46 የቆጠሩ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም፤ ግን መጽሐፉ 48 ስላለ ዓይናቸውን ተጠራጠሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በግና ፍየልን እንውሰድ። በመንጋ አብረው ይውላሉ፣ በአንድ በረት ያድራሉ፣ ከሩቅ ሲታዩ ለእንግዳ ሰው መለየትም ያስቸግራሉ። ክሮሞሶማቸው ግን በስድስት ይለያያል። ስድስቱ የት ገቡ? በጉ የጎደለው ነገር አለ ወይ? የለም። ክሮሞሶም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሴንትሮሜር የሚባል ወገብ አለው። ወገቡ ጫፍ ላይ ከሆነ ባለ አንድ ክንድ እንለዋለን፤ ወገቡ መሐል ላይ ከሆነ ባለ ሁለት ክንድ ነው። የጾታውን ጥንድ ወደ ጎን ትተን ብንቆጥር ፍየል 29 ጥንድ አላት፤ ሁሉም ባለ አንድ ክንድ ናቸው። በግ 26 ጥንድ አለው፤ ከነዚህ ውስጥ 3ቱ ባለ ሁለት ክንድ፣ 23ቱ ባለ አንድ ክንድ ናቸው። ጥንዱን ትተን ክንዱን እንቁጠር፤ ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት፣ ስድስትና ሃያ ሦስት ሃያ ዘጠኝ። በትክክል ገጠመ! በበጉ የዘር ሐረግ ውስጥ ባለ አንድ ክንድ የነበሩ ስድስት ጥንዶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ወገብ ለወገብ ተጋጥመው ሦስት ሆነዋል። ዕቃው ያው ነው፤ አሠራሩ ተለወጠ። ይህ ዐይነቱ መጋጠም የሮበርትሰን ውሕደት ይባላል፤ በ1916 በፌንጣዎች ላይ ባየው በአሜሪካዊው ሮበርትሰን ስም ነው።

ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሠራ ተማሪ ስለ ዝግመተ ለውጥ አንድ ገጽ ሐተታ ከሸመደደው ተማሪ ይልቅ የገባው ነው ብለን እናምናለን።

ታዲያ ሁለት ክሮሞሶሞች እንዴት ተገናኝተው ይጋጠማሉ? ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ ሕዋሱ አስኳል ውስጥ መግባት ግድ ነው። እዚህ ላይ የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ሥዕል ሳያስበው ያሳስታል። ሁልጊዜ የሚሣለው ሕዋሱ ሊከፈል ሲል ያለው ክሮሞሶም ነው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ኤክስ ቅርጽ ያለው። ሕዋሱ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ሳይከፈል ሥራውን እየሠራ ነው። በዚያን ጊዜ ክሮሞሶሙ የላላ ረዥም ክር ነው። በአንድ የሰው ሕዋስ አስኳል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ወደ 2 ሜትር ይደርሳል። አስኳሉ ደግሞ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ አይበልጥም። ክሩ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ እየተጠመጠመ፣ ጥምጥሙም እየታጠፈ ነው እዚያ ውስጥ የሚገባው።

ይህ ሁሉ ክር እንደ ፓስታ ተደባልቆ ይቀመጣል ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታሰብ ነበር። እያንዳንዱ ክሮሞሶም የራሱን ይዞታ ይዞ ይቀመጣል የሚለውን ሐሳብ ራብል የተባለው ሳይንቲስት በ1885 አንሥቶት፣ ቦቬሪ ደግሞ በ1909 ስም ሰጥቶት ነበር፤ ግን ማስረጃ ስላልነበረ ተረሳ። ማስረጃው የመጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ክሬመር የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾች የአስኳሉን አንዲት ትንሽ ቦታ በጨረር ወጉ። ክሩ ሁሉ የተደባለቀ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በብዙ ክሮሞሶሞች ላይ በተገኘ ነበር። የተገኘው ግን በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክሮሞሶም በአስኳሉ ውስጥ የራሱ ቀበሌ አለው፤ ጎረቤትም አለው፤ ከወሰን አካባቢም ይነካካል።

የቀበሌው ድልድልም እንዲያው በዕጣ አይደለም። በሰው ሕዋስ ውስጥ በራሂዎች የበዙበት 19ኛው ክሮሞሶም ወደ አስኳሉ መሐል ሲቀመጥ፣ መጠኑ ተመሳሳይ ሆኖ በራሂ ያነሰበት 18ኛው ወደ ጠርዝ ይገፋል። (በራሂ ስንል ጂን ማለታችን ነው፤ አንዳንድ መጻሕፍት ክሮሞሶምን ሐብለ በራሂ የሚሉት ከዚሁ የተነሣ ነው።) በ2002 የታተመ ጥናት ይኸው አቀማመጥ በዝንጀሮና በጦጣ ዘመዶቻችንም ዘንድ ተጠብቆ እንደሚገኝ አሳይቷል። ሥራ ያልያዘው፣ የተጠቀጠቀው የክር ክፍል በአስኳሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይኖራል። በሴት አጥቢ እንስሳት ሕዋስ ውስጥ ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱ ተጠቅልሎ ብዙውን ጊዜ ጠርዝ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ባር የተባለው ካናዳዊ ከተማሪው ጋር በ1949 በድመት የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ስላገኘው የባር አካል ይባላል።

በሌሊት ለሚንቀሳቀሱ እንደ አይጥ ላሉ እንስሳት ግን ሥርዓቱ በአንድ ቦታ ይገለበጣል። በዓይናቸው ውስጥ ጨለማን በሚያዩት ሕዋሳት የተጠቀጠቀው ክፍል ከጠርዝ ወደ መሐል ይሰበሰባል። በ2009 እንደተገለጸው ይህ አቀማመጥ አስኳሉን እንደ ጥቃቅን ሌንስ አድርጎ ደካማውን ብርሃን ያሳልፋል። የክር አቀማመጥ ለማየት ማገልገሉ ያስገርማል፤ ግን ከመስመራችን እንዳንወጣ እንመለስ።

ወገባቸው ጫፍ ላይ የሆነ ክሮሞሶሞች ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ አጭሩ ጫፋቸው የራይቦዞም መሥሪያ በራሂዎችን ይይዛል። እነዚህ በራሂዎች ኑክሌዎለስ በሚባለው የአስኳሉ ክፍል ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ልክ በአንድ የውኃ ጉድጓድ ዙሪያ የየሰፈሩ ሰው እንደሚገናኘው ማለት ነው። የሚገናኝ ይነካካል፤ ሲሰበር ደግሞ ሕዋሱ ስብራቱን ሲጠግን ቅርብ ካለው ጋር አሳስቶ ሊያጋጥመው ይችላል። እንግዲህ በግ ከፍየል የተለየበት መጋጠም በአስኳሉ ውስጥ ካለው ጉርብትና ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። የአቀማመጥ ትምህርትና የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ሆነው መቅረባቸው ለመጽሐፍ አዘጋጅ ይመቸው እንደሆነ እንጂ፣ በተፈጥሮ አንድ ናቸው።

በሰው ልጅም ይህ መጋጠም አለ። ከሺህ ሰው አንድ ያህሉ የሮበርትሰን ውሕደት ይዞ፣ 46 ሳይሆን 45 ክሮሞሶም ኖሮት ይወለዳል። ጤነኛ ነው፣ ሠርቶ ይኖራል፤ ብዙውን ጊዜ ራሱም አያውቀውም። ውሕደቱ 21ኛውን ክሮሞሶም የነካ ከሆነ ግን ልጁ ዳውን ሲንድረም ይዞ ሊወለድ የሚችልበት ዕድል ከፍ ይላል። ልዤን በ1959 እንዳስታወቀው ዳውን ሲንድረም የሚመጣው 21ኛው ክሮሞሶም በአንድ ሲበዛ ነው። አብዛኛው የሚከሠተው ያለ ምንም ውሕደት፣ ሕዋስ ሲከፈል በሚፈጠር አጋጣሚ ነው። ነገ የምናስተምርበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ «እርግማን ነው»፣ «የእናቲቱ ጥፋት ነው» የሚል ጎረቤትም ይኖራል። መምህሩ ለእናቲቱ የሚላት ነገር ሊኖረው ይገባል።

ክሮሞሶም ሲሰበርና ሲጋጠም በውስጡ ያለው ሁሉ ለምን አይበላሽም የሚል ተማሪ ይኖራል፤ ጥያቄው የብልህ ነው። ከ2009 ጀምሮ ክሩ በአስኳል ውስጥ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚነካካ የሚመዘግብ ዘዴ ተገኝቷል። በ2012 ይኸው ዘዴ ክሩ እርስ በርስ በሚገናኙ ጉብታዎች እንደተከፋፈለ አሳየ። በራሂውና እሱን የሚያበራው የሚያጠፋው ክፍል በአንድ ጉብታ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ጉብታዎቹ በአይጥና በሰው መካከል እንኳ በብዛት ተመሳሳይ ናቸው። በዝግመተ ለውጥ ጸንተው የቆዩት ስብራቶችም ይበልጡን በጉብታዎቹ ወሰን ላይ የደረሱት ናቸው። የአፋር ቤተ ሰብ ለግጦሽ ሲንቀሳቀስ ዳቦይታውን ነቅሎ፣ ሰሌኑንና እንጨቱን በግመል ጭኖ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ሰፈሩ ተለውጧል፣ ጎረቤቱም ተለውጧል፤ በቤቱ ውስጥ ያሉት እናት፣ ልጅና የወተት ዕቃ ግን አልተለያዩም። ክሮሞሶምም ሲጓዝ እንደዚያ ነው። ቤቱን ለሁለት የሰነጠቀው ስብራት ግን ዘር አይተርፈውም።

አሁን ወደ በቅሎዋ እንመለስ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ነገሩ ለፌዝ ቢነገርም የሕዋሷን ችግር በደንብ ይገልጻል፤ የእናትና የአባት ወገን በአንድ አስኳል ውስጥ ተቀምጠው አይተዋወቁም።

የዘር ሕዋስ ሲዘጋጅ ከእናት የመጣው ክሮሞሶም ከአባት ከመጣው አቻው ጋር ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ በራሂ ለበራሂ ተያይቶ መጣመር አለበት። ተጣምሮ ነው የሚለያየው። ጎደሎ ቁጥር ብቻውን ይህን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ የሚከተሉት እንስሳት ሁሉ መካን በሆኑ ነበር። የሞንጎልያው የፕርዤቫልስኪ ፈረስ 66 ክሮሞሶም አለው፤ ከቤት ፈረስ ጋር ሲዳቀል የሚወለደው 65 ይሆናል። 65 ጎደሎ ነው፤ ግን ይወልዳል! በኒውዚላንድ ውስጥ 53 ክሮሞሶም ያላቸው በጎች ተገኝተዋል፤ እነሱም ይወልዳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ባለ ሁለት ክንድ ክሮሞሶም ከሁለት ባለ አንድ ክንድ አቻዎቹ ጋር ሦስት ሆነው ይሰለፋሉ፤ የበራሂዎቹ ቅደም ተከተል ስላልተዛባ ይተዋወቃሉ፤ ሲለያዩም አንዱ ወደ አንድ ወገን፣ ሁለቱ ወደ ሌላው ወገን በሥርዓት ይሄዳሉ።

የፈረስና የአህያ ችግር ከዚህ የከፋ ነው። በ2013 የታተመው የጥንታዊ ፈረስ ዲኤንኤ ጥናት የፈረስ፣ የአህያና የሜዳ አህያ የጋራ ቅድመ አያት ከ4 እስከ 4.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደነበረ ይገምታል። ለዝግመተ ለውጥ ይህ አጭር ጊዜ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የዚህ ወገን ክሮሞሶም እንደ ሌላ አጥቢ እንስሳ ሳይሆን በጥድፊያ ተቀያይሯል። ከአንዱ የተራራ የሜዳ አህያ 32 አንሥቶ እስከ ፕርዤቫልስኪው 66 ይደርሳል። ቁጥር ብቻም አይደለም፤ ክንዶች ተሰብረው ከሌላ ጋር ተጋጥመዋል፣ ቁራጮች ተገልብጠዋል። ወገቡ እንኳ ያለ ስብራት ቦታ ቀይሯል። በ2018 እንደታተመው ከአህያ 31 ጥንዶች ውስጥ በ16ቱ ላይ ወገቡ አጥቢ እንስሳት በተለምዶ ወገብ በሚሠሩበት በተደጋጋሚ ፊደል ክር ላይ አይደለም፤ አዲስ ቦታ ላይ ተቀምጧል። በመሆኑም በበቅሎዋ የዘር ሕዋስ ውስጥ 32ቱና 31ዱ ለመሰለፍ ሲሞክሩ ብዙዎቹ አቻቸውን አያገኙም፣ ያገኙትም በከፊል ነው። ሕዋሱም ይህን ሲያይ ሥራውን ያቆማል። 63 ሳይሆን 64 ሆና ብትወለድም ኖሮ፣ አደራደሩ እንዲህ ከተዘበራረቀ ያው መካን በሆነች ነበር። እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ በቅሎ ትወልዳለች፤ በ1984 በአሜሪካ በኔብራስካ፣ በ2002 በሞሮኮ ተመዝግቧል። ይህ ማለት ግን «በቅሎ ስትወልድ» የሚለው የአገራችን አነጋገር ትርጉሙን አጣ ማለት አይደለም።

በግና ፍየልም ቢዳቀሉ ጽንሱ አብዛኛውን ጊዜ አይቆይም። በ2000 በቦትስዋና የተዘገበው ከፍየል እናትና ከበግ አባት የተወለደ እንስሳ 57 ክሮሞሶም ነበረው፤ 30 ሲደመር 27 ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪው ዝግመተ ለውጥ የድሮ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዛሬም በአገራችን በዓይናችን ፊት በመካሄድ ላይ ነው። በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ጭላዳ በ2022 በታተመ ጥናት 44 ክሮሞሶም ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ለወትሮው ጭላዳ የሚታወቀው በ42 ነበር። የሰሜኑ 7ኛ ክሮሞሶም ወገቡ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ የበግ ታሪክ ግልባጭ መሆኑ ነው። በሃላይደጌና በአዋሽ ሜዳ የምትሮጠው የሶመሪንግ ሚዳቋ ደግሞ ከ34 እስከ 39 የሚደርስ ቁጥር በአንድ ዝርያ ውስጥ ይዛ ተገኝታለች። በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ የአራዊት ማቆያ በሚገኙት ላይ የተደረገው ጥናት የግልገሎቹን ሞት ከዚህ ልዩነት ጋር አያይዞ መርምሯል። ስለዚህ መጋጠም ሁሉ ያለ ዋጋ ይታለፋል ማለታችን አይደለም። አንድ ውሕደት ሲሆን ይታለፋል፤ ሲደራረብ ዋጋ ያስከፍላል።

በዚሁ ወንዛችን ስም የተጠራችም አይጥ አለች። በ1998 ሩሲያውያን ተመራማሪዎችና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አፈወርቅ በቀለ በጋራ የገለጿት ማስቶሚስ አዋሼንሲስ 32 ክሮሞሶም ሲኖራት፣ በመልክ የምትቀርባት ሌላዋ የአገራችን ማስቶሚስ 38 አላት። በጸጉርና በጅራት ለመለየት የሚያስቸግሩ አይጦች በአስኳላቸው ይለያሉ። አይጥ እህል ለሚያጠፋበት ገበሬና በሽታ ለሚከታተል ጤና ሠራተኛ የትኛዋ የትኛዋ መሆኗን ማወቅ ትርፍ ነገር አይደለም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበን ደረስን። ከገዋኔ ወደ ሚሌ ስንጓዝ መንገዱ የሚያልፍበት የያንጉዲ ራሳ ምድር በ1977 ፓርክ ሆኖ የተከለለው ለአፍሪካ የዱር አህያ ሲባል ነው። ይህ አመድማ ገላና እንደ ሜዳ አህያ በመስመር የተዥጎረጎረ እግር ያለው እንስሳ የቤት አህያ ዘመድ ነው። የቤት አህያ ከ7,000 ዓመት ያህል በፊት በምሥራቅ አፍሪካ እንደተላመደ በ2022 የታተመ የዘር ጥናት ያመለክታል። ዓለም የሸከመበት፣ ውኃ የቀዳበት፣ ጨው ያጋዘበት አህያ ሥሩ ከእኛ አካባቢ ነው ማለት ነው። ዛሬ ግን የዱር አህያ በዓለም ላይ የቀረው በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነው፤ እሱም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደንከል። ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት ተርታ ተመዝግቧል።

የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው፤ ይታደናል፣ በግጦሽና በውኃ ከቤት ከብት ጋር ይሻማል። አንደኛው መንገድ ግን ከዛሬው ትምህርታችን ጋር ይገናኛል። የዱር አህያና የቤት አህያ ሁለቱም 62 ክሮሞሶም አላቸው፤ አደራደሩም አንድ ነው። በአራዊት ማቆያ ካሉት የሶማሌ የዱር አህዮች መካከል 63 እና 64 ያላቸው መገኘታቸው በ1998 ተዘግቧል፤ አንድ ክሮሞሶም ወገቡ ላይ ስለሚለያይባቸው ነው። እነዚያም ዘር ተክተዋል። እንግዲህ የቤት አህያ በዱር ውስጥ ከዱር አህያ ጋር ቢገናኝ የሚወለደው ውርንጭላ እንደ በቅሎ መካን አይሆንም። ይወልዳል፣ ልጁም ይወልዳል። ፈረስና አህያን የሚለየው በር ዝግ ስለሆነ ሺህ በቅሎ ቢወለድ ፈረስ ፈረስ፣ አህያም አህያ ሆኖ ይኖራል። በዱር አህያ በኩል ግን በሩ ክፍት ነው። ጥይት ሳይተኮስ፣ አንድም እንስሳ ሳይገደል፣ በትውልዶች ውስጥ ዱሩ በቤቱ ተውጦ ሊያልቅ ይችላል። ያን ጊዜ ከሩቅ አይቶ «አለ» የሚል ሰው ይኖራል፤ አስኳሉ ውስጥ ግን የለም።

የጥበቃ ሠራተኛ ብቻውን ይህን አይከላከልም። አህያውን የሚያሰማራው፣ የጠፋ አህያ የሚፈልገው፣ ያረጀ አህያ ሜዳ ላይ የሚለቀው የአርብቶ አደሩ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ የእኛ ተማሪ ነው። ይህን ነገር ለእሱ የሚነግረው መምህር በ63 ቁጥር ላይ ቆሞ «ዲቃላ ሁሉ መካን ነው» ብሎ ካስተማረ ልጁ ምንም የሚያሰጋ ነገር አይታየውም።

ክፍት በር ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለት ግን አይደለም። በአዋሽ ፓርክ ከፏፏቴው በላይ አኑቢስ የሚባለው ዝንጀሮ፣ ወደ ታች በገደሉ ውስጥ ሐማድሪያስ የሚባለው ይኖራሉ። ሁለቱም 42 ክሮሞሶም አላቸው። በመካከላቸው ባለው ቦታ ድቅሎች ይኖራሉ፤ ድቅሎቹም ወላጆች ናቸው። ከ1960ዎቹና 1970ዎቹ ጀምሮ ኩመር፣ ናግል፣ ኋላም ጆሊና ፊሊፕስ ኮንሮይ የተባሉ ተመራማሪዎች በተለያየ ጊዜ በዚህ አገር ዝንጀሮዎች ላይ ስለሠሩ የአዋሽ ዝንጀሮ በዓለም የታወቀ ነው። እዚያ ግን ሁለቱም ወገኖች በብዛት ስላሉ አንዱ ሌላውን ጠራርጎ አልዋጠም። በዱር አህያ በኩል አንዱ ወገን በመቶዎች፣ ሌላው በሚሊዮኖች ነው።

ስለ ሰው መጠየቅ አይቀርም፤ በአፋር ምድር እያስተማሩ ስለ ሉሲ አለመጠየቅ አይቻልም። ቺምፓንዚ 48፣ እኛ 46 ነን። 2ኛው ክሮሞሶማችን የሁለት የጦጣ ዘመዶቻችን ክሮሞሶሞች መጋጠም ውጤት መሆኑ ይታወቃል። በመሐሉ ላይ የክሮሞሶም ጫፍ ምልክት ጫፍ ለጫፍ ተጋጥሞ ተቀምጦ በ1991 ተነቧል፤ የተረፈ ሁለተኛ ወገብ ቅሪትም አለበት። ኒያንደርታልና ዴኒሶቫ የተባሉት የጠፉ የሰው ዘመዶችም ይህ ውሕደት ነበራቸው። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ሉሲ 46 ትሁን 48 ግን ከአጥንቷ አይነበብም። በእንዲህ ያለ ሙቀት 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየ አጥንት ዲኤንኤ አያስቀርም። ተማሪ ሲጠይቅ እንደዚሁ መንገር ነው፤ አጥንት የሚናገረውን አጥንት፣ አስኳል የሚናገረውን አስኳል ይናገር።

ለማስተማር ልምምዱ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ዋጋው የአራት ጥቅል የሹራብ ክር ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ጥቁር። ከእያንዳንዱ አንድ ክንድ ያህል ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተጠቅልሎ፣ አራቱም በአንድ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይጨመራሉ። ተማሪው በብርጭቆው ጎን በኩል ሲያይ ቀለሞቹ ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ወሰን ላይ ሲነካኩ ያያል፤ ይህ ቀበሌያቸው ነው። ቀጥሎ በብርጭቆው ውስጥ ጎረቤት ሆነው የተገኙት ሁለት ክሮች ጫፍ ለጫፍ ይቋጠሩ። አራት የነበረው ሦስት ሆነ፤ የክሩ ርዝመት ግን አልተለወጠም። ከዚያ የፍየልን 29 እና የበግን 26 በሰሌዳ ላይ አስቀምጦ ክንዱን ራሳቸው እንዲቆጥሩ መተው ነው። መምህሩ አስቀድሞ እንዳይነግራቸው፤ የሚጮኽ ተማሪ ይኖራል።

 የቋጠሩት ለሌላ ክፍል እንዲያገለግል በካርቶን ውስጥ ሆኖ በባዮሎጂ ክፍል መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።